የጋሼ ንዋይ ፈረስ

ጥር 2 ቀን 2017

ሎጁ ውሉን ላከልኝ። አራት ገጽ ነው። ሶደሬ መንገድ ላይ አዲስ የተከፈተው ሎጅ መግቢያው ላይ የስጦታ ዕቃ መደርደሪያ አለው፤ በየወሩ ከጀሶ የምሠራውን ትንሽ ባለጋሪ ስልሳ ይፈልጋሉ። ስልሳ! እኔ እስካሁን ከወንድሜ ከኢስሃቅ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ጀርባ ባለችው ክፍል እየሠራሁ፣ እዚያው ሱቁ መስታወት ውስጥ እየደረደርኩ፣ በወር አሥር ከሄደልኝ አልሐምዱሊላህ ነው የምለው። ማኔጀሩ ቢኒያም በስልክ "አይቶት ሳይስቅ የሚያልፍ የለም እኮ፣ ሱሃይላ" አለኝ። ደስ አለኝ፤ ምን እዋሻለሁ። በሠላሳ አራት ዓመቴ የራሴን መሥሪያ ክፍል ልከራይ ነው። ከኢስሃቅ ሚስት ከዙለይካ የበርበሬ ጆንያ ጋር መጋፋት ቀረ።

አንቀጽ ስድስት የምትል ነገር ብቻ አለች። ነገ አነባታለሁ።

ጥር 3

አነበብኳት። "አቅራቢዋ ሥራው ሙሉ በሙሉ የራሷ የፈጠራ ውጤት መሆኑንና ከሌላ ሰው ሥራ ያልተቀዳ መሆኑን ታረጋግጣለች።"

ዛሬ ሥራ በዝቷል። ጀሶ አልቋል። በኋላ።

ጥር 6

ነገሩን እዚህ ልጻፈው፤ የሚያነበው የለ።

ባለጋሪው ጋሪው ላይ ጆንያ ተደግፎ ተኝቷል። ባርኔጣው ዓይኑ ላይ ወርዷል። ጋሪው ቆሟል። ፈረሱ አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ ያየዋል፤ "ምነው ሰውዬ፣ አትወርድም?" የሚል ይመስላል። ሁሉም ከነጋሪው መዳፌ ላይ ይቀመጣል። ሰው የሚስቀው በፈረሱ ነው።

መጀመሪያ ሥዕል ነበር። የሣሉት ጋሼ ንዋይ ናቸው፤ ዘጠነኛ ክፍል ሥዕል ያስተማሩን። በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ አንድ ሴሚስተር ሙሉ እሱን በእርሳስ ስንቀዳ ከረምን። ራሳቸው ናቸው "ቅዱ" ያሉን። እኔንማ ፈረሱን አሥራ አንድ ጊዜ አስደግመውኛል። እንግዲህ ያን ያህል ያስቀዳ ሰው "ለምን ቀዳሽ?" ይላል?

ደግሞ ሥዕል ያለው ፊቱ ብቻ ነው። እኔ የምሠራው ዙሪያውን ይታያል። የጋሪው ማዶ፣ የሰውየው ጀርባ፣ የፈረሱ ሌላኛው ጎን ሥዕሉ ላይ የሉም፤ ከራሴ ነው ያመጣኋቸው። የሰውየው ቀኝ እጅ ሥዕሉ ላይ በጆንያ ተሸፍኗል። እኔ ግን ጋሪውን ሳዞረው እጅ ያስፈልገኛል። ባዶውን ባንጠለጥለው አላማረኝም። ስለዚህ ዛቡን፣ ፈረሱን የሚነዳበትን ጠፍር፣ አስጨበጥኩት። ጥብቅ አድርጎ ይዞታል፣ ተኝቶም። ይሄ የኔ ነው። ግማሹ የኔ ነው ቢባል ያስኬዳል።

ግማሽ ደግሞ "ሙሉ በሙሉ" አይደለም። አውቃለሁ።

ጥር 8

ፈረምኩ።

ጥር 12

ከጥምቀት ማግስት ነው፤ የበዓሉ ሰው ገና አልተበተነም። ሱቅ ውስጥ ሁለት ሴቶች ደብተር ሲገዙ አንደኛዋ መስታወቱን አይታ "ይሄ የጋሼ ንዋይ ፈረስ አይደል እንዴ?" አለች። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ።

"እህቴ ናት የምትሠራው" አለ ኢስሃቅ፣ ደረቱን ነፍቶ።

"ጎበዝ ናት! እሳቸው አይተውታል?"

"አይተውታል እንጂ" አለ ወንድሜ። አላዩትም። ማንም አላሳያቸውም። ኢስሃቅ ደንበኛን ደስ ለማሰኘት የማይለው የለም።

ወጥቼ "አላዩትም" ማለት ነበረብኝ። አልወጣሁም። ጀሶው ሳህኑ ውስጥ ደረቀብኝና ጣልኩት።

ጥር 14

ሊዲ ጋ ሄድኩ። አብሮ አደጌ ናት፤ ጠበቃ ሆና ፍርድ ቤቱ አካባቢ ቢሮ ተከራይታለች። "አንዲት ጓደኛዬ" ብዬ ጀመርኩላት። ከኮምፒውተሯ ቀና ሳትል "ጓደኛሽ የቀዳችበት ሰውዬ በሕይወት አለ?" አለች።

"አሉ።"

"እንግዲያው መብቱ የሳቸው ነው። ቢሞቱም ሃምሳ ዓመት የወራሾቻቸው ነው። ሥዕሉን ወደ ቅርጽ መለወጥ ራሱ ፈቃድ ይጠይቃል። ጀርባ ጨመርኩበት፣ ቀለም ቀየርኩ ብትልም ያው ነው።"

"ክፍል ውስጥ ራሳቸው ያስቀዷት ቢሆንስ?"

"ለትምህርት ነዋ! ሎጁ ትምህርት ቤት ነው?"

ሎጅ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም ነበር። ኢስሃቅ ነው ያወራው። የሱ አፍ!

ሊዲ መነጽሯን አወለቀች። "ጋሼ ንዋይ መቂ ገብተው የለ? ታክሲ ተሳፍረሽ ሂጂና ጠይቂያቸው። ያስተማሩሽ ሰው ናቸው፣ ምን ያስፈራል?"

"ጓደኛዬን እነግራታለሁ" አልኳት። ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ምን እንደሚያስፈራኝ አውቃለሁ፤ እምቢ ቢሉስ? ካልጠየቅኋቸው እምቢ አላሉም።

ጥር 17፣ ቅዳሜ

መቂ ሄድኩ። ከሞጆ በኋላ መኪናው ውስጥ የምለውን ስለማመድ ሄድኩ፤ "ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎ መጥቼ ነው" ብዬ ልጀምር። ዋናው መንገድ ላይ ሽንኩርት ይጫናል፤ ደላሎቹ ይጯጯሃሉ። አንዱን ሸካሚ ስጠይቀው ቤታቸውን አሳየኝ፤ አረንጓዴ በር። በሩ ድረስ ደረስኩ። ውስጥ የሚያስል ሰው ሰማሁ። አመማቸው መሰለኝ። የታመመ ሰው ቤት ጉዳይ ይዞ መግባት ደግ አይደለም።

ግማሽ ጆንያ ሽንኩርት ገዝቼ ተመለስኩ። ዙለይካ "ለሽንኩርት ብለሽ መቂ ድረስ?" አለችኝ።

"ረክሷል" አልኳት። አልረከሰም።

ጥር 20

መላ አገኘሁ ብዬ ሦስት ቀን ደከምኩ። የማይመስል አድርጌ ብሠራውስ? ፈረሱን አህያ አደረግኩት፤ አስቀያሚ ሆነ። ባለጋሪውን ቀና አድርጌ አስቀመጥኩት፤ ሌላ ሰው ሆነ። በመጨረሻ ሁሉን እንዳለ ትቼ የፈረሱን አንገት ብቻ ወደ ፊት መለስኩት።

ዙለይካን ጠራኋት። ዞር ዞር አድርጋ አየችው። "ፈረስና ጋሪ ነው" አለች። "ያኛው ምን ሆነ? የሚያየው?"

ሰው የሚወደው ያቺን አንገት ነው። አንገቷ ደግሞ የሳቸው ናት። ግማሽ ግማሽ የምለው ነገር እንደማያዋጣ ዛሬ ገባኝ፤ ገባኝና ግን ቢኒያም ሲደውል "እየሠራሁ ነው" አልኩት።

ጥር 29

ኢስሃቅ መላ አመጣ። "ሽማግሌ እንላክ" አለ። መጀመሪያ ለጋብቻ ነው እንዴ ብዬ ቀለድኩበት፤ ኋላ ግን ሳስበው ልክ ነው። እኔ ፊታቸው ቆሜ ከምንተባተብ ትልቅ ሰው ይናገርልኝ። ጎረቤታችን አቶ ሰንበታ የማይገባበት ሽምግልና የለም። ማታ መጡና ገና ከበሩ "አካም ጂርታ፣ ሱሃይላ! አስተማሪ ነው የተቀየመው? በቃ፣ ለኔ ተዪው" አሉ።

"አልተቀየሙም፣ አቶ ሰንበታ። ገና አልሰሙም።"

"እሱማ ይብሳል" አሉና ሳቁ።

ሁሉን ነገርኳቸው፤ ሥዕሉን፣ ሎጁን፣ ውሉን። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። እሑድ ከኢስሃቅ ጋር ይሄዳሉ።

የካቲት 2

ተመለሱ። ፊታቸው ያበራል። ሙዝና ስኳር ይዘው ሄደው፣ ምሳ በልተው፣ ተመርቀው መጡ።

"ነገሩ አልቋል!" አሉ አቶ ሰንበታ። "ተነሥተው አቀፉን እኮ!"

"ምን አሉ?"

"'ልጄ ናት፤ ምንም ታጥፋ ምን፣ ይቅር ብያታለሁ' አሉ። በቃ። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?"

አለቀስኩ። ወር ሙሉ ያሰብኩት ሁሉ ከንቱ ነበር። ምን ዓይነት ሰው ናቸው! እኔ ደግሞ ምን ዓይነት ፈሪ ነኝ። ለቢኒያም ደወልኩለት፤ ማክሰኞ ስልሳውን አስረክባለሁ።

የካቲት 4

አስረከብኩ። ሎጁ ያምራል። ቢኒያም ለእያንዳንዱ ካርድ አሳትሟል፤ በስልክ "ስሙን ማን እንበለው?" ሲለኝ ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ከላይ በትልቁ "እንቅልፋሙ ባለጋሪ" ይላል። ከሥሩ "ፈጠራ፦ ሱሃይላ አብደላ"። ስሜን ታትሞ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። "ከጋሼ ንዋይ ሥዕል የተወሰደ" የሚል እንዲጨመር ልነግረው አስቤ ነበር፤ ካርዱ አንዴ ታትሟል። ለሚቀጥለው ወር ይሁን።

የካቲት 8

ትናንት መሬቱ ክፉኛ ተወዛወዘ። ከታኅሣሥ ጀምሮ ለምደነዋል ብንልም የትናንቱ ሁላችንንም ደጅ አስወጥቶናል። ሰው አልተጎዳም። ጠዋት ክፍሌን ስከፍት መደርደሪያው ተጋድሟል፤ ሰባት ባለጋሪ ተሰብሯል።

ኢስሃቅ አብሮኝ ይለቅም ነበር። እንዲሁ ወሬ ልጫወት ብዬ "ጋሼ ንዋይ ስለ ሎጁ ሲሰሙ ምን አሉ?" አልኩት።

"ስለ ሎጁ?" የተሰበረ የፈረስ እግር እጁ ላይ አለ። "ስለ ሎጁ አላነሣንም።"

"ስለ ባለጋሪውስ?"

"ሱሃይላ፣ ሽምግልና የሄደ ሰው ጥፋት ይዘረዝራል እንዴ? ገብተን ተቀመጥን። አቶ ሰንበታ ተነሥተው 'ልጅዎ አጥፍታለች፣ ስለ እኛ ብለው ይቅር ይበሏት' አሉ። ሰውየውም ጨዋ ናቸው፤ ምን አጠፋች ብለው አልጠየቁም። ይቅር አሉ።"

"ምን የሠራሁ መስሏቸው?"

"እኔ እንጃ። አቶ ሰንበታ በመንገድ ላይ፣ ስትማሪ ክፉ የተናገርሻቸው ሳይመስላቸው አይቀርም አሉ።"

መሬት ቁጭ አልኩ። ከዚያ ሳቅ መጣብኝ፤ ኢስሃቅም አብሮኝ ሳቀ፤ ምን እንዳሳቀኝ ግን አልገባውም። ያልሰሙትን ጥፋት ይቅር ብለውኛል። ፈቃድ ደግሞ የጠየቃቸው የለም።

ግን እውነት ለመናገር፣ እሑድ ዕለት "ስለ ባለጋሪው ምን አሉ?" ብዬ ለምን አልጠየቅሁም? አንዲት ጥያቄ ነበረች።

የካቲት 11

ቢኒያም ደወለ። አሥራ አንድ ተሸጧል። ከአዲስ አበባ የመጡ ሙሽሮች ሁለት ገዙ አለ፤ እያሳዩ ሲሳሳቁ በቪዲዮ ቀርጾ ላከልኝ። ሙሽራው እንደ ባለጋሪው ተጋድሞ ያንኮራፋል፣ ሙሽሪት አንገቷን አዙራ ታየዋለች።

ድሮ ቢሆን መቶ ጊዜ አየው ነበር። አንድ ጊዜ አይቼ አጠፋሁት።

ረመዳን ሳይገባ መሄድ አለብኝ። እሄዳለሁ።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

ሄድኩ። ገባሁም።

አንድ ባለጋሪ በጋዜጣ ጠቅልዬ ይዣለሁ። በሩን የከፈቱልኝ ባለቤታቸው እትዬ በላይነሽ ናቸው። ጋሼ ንዋይ ግቢው ውስጥ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ ከስተዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል መሰለኝ ጠጋ እስክል አልለዩኝም። ስሜን ስነግራቸው "ፈረስ አሥራ አንድ ጊዜ ያስደገምኩሽ!" አሉ። ለካ እሳቸውም ቆጥረውታል።

የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋኝ። ዝም ብዬ ከጋዜጣው አውጥቼ ሰጠኋቸው።

ዓይናቸው ሥር አስጠግተው አዩት። ሳቁ፤ ከልባቸው ሳቁ። "አንገቱን አገኘሽው። በመጨረሻ!" አሉ። ልቤ ቦታው ተመለሰ። አሁን እነግራቸዋለሁ ስል አዞሩት። አውራ ጣታቸው ከማዶ በኩል እጁ ላይ ሲደርስ ቆመ። "በላይነሽ፣ ነይ እስቲ እዪ" አሉ። እትዬ በላይነሽ መጥተው አዩና አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

"ይህን ማን ነገረሽ?" አሉኝ።

"ማንም አልነገረኝም፣ ጋሼ። ሥዕሉ ላይ ስለማይታይ ከራሴ ነው ያደረግኩት።"

"አባቴ ነው" አሉ። "አልተኛም።"

አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ።

"ከባቡር ጣቢያ የሰው ዕቃ አድርሶ ሲመለስ ነው። ልቡ ነው አሉ ኋላ። ፈረሱ መንገዱን ያውቀዋል፤ ደጃፋችን አምጥቶ አቆመው። የሚወርድ ሲያጣ ዞሮ አየው። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። የተኛ መስሎኝ ሳቅሁበት። እናቴን ጠርቼ 'ነይ እዪው' አልኳት።" ባለጋሪውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። "ዛቡን ከእጁ ለማስለቀቅ ሁለት ሰው ታግሏል። ያን እጅ ሦስት ጊዜ ልሥለው ሞክሬ አቃተኝ። ጆንያ ደረብኩበት።"

የኔ ያልኩት እሱን ነበር። ከሥራው ሁሉ የኔ ብዬ የያዝኩት ያቺን እጅ ነበር።

ከዚያ ሁሉን ነገርኳቸው። ሎጁን፣ ስልሳውን፣ አንቀጽ ስድስትን፣ ፊርማዬን። ሽማግሌዎቹ የመጡት ለዚህ እንደነበረም ነገርኳቸው። እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

"ሲሸጥ ስሙ ማን ይባላል?" አሉ።

"እንቅልፋሙ ባለጋሪ።"

"ማን አወጣለት?"

"እኔ።"

"አሥር ሰዓት ሌሊት የሚነሣ ሰው ነበር" አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እትዬ በላይነሽ ውሃ አመጡልኝ። ጋሼ ንዋይ ክፍል ውስጥ በሚያስረዱበት ድምፅ "ሽማግሌ ልከሽ ይቅር ብያለሁ፤ እሱን አልመልሰውም" አሉ። "ፈቃድ ግን የጠየቅሽኝ አሁን ነው። እምቢ ነው።"

"እሺ።"

"ሥዕሉን የሣልኩት ለኔ ነው። ትምህርት ቤት የሰቀልኩት ቤት ውስጥ እናቴ ማየት ስላልቻለች ነው።"

"የራሴን ክፍል ልከራይ ነበር፣ ጋሼ" አልኩ። እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ሰዓት ከሰው አፍ ይወጣል? ከኔ ወጣ።

"ሌላ ነገር ሥሪና ተከራዪ። እጅ እንዳለሽ አይቻለሁ" አሉ። ልሄድ ስነሣ "ይህችን ተዪልኝ" ብለው ያዟት።

የካቲት 17

ሶደሬ። መደርደሪያው ላይ አርባ አንድ ቀርቷል። ቢኒያም ደስ ብሎት ነበር የተቀበለኝ።

"የኔ አይደለም" አልኩት። "አንቀጽ ስድስት ላይ ዋሽቼ ነው የፈረምኩት።"

መጀመሪያ የምቀልድ መሰለው። ነገሩ ሲገባው "ታዲያ ከሰውየው ፈቃድ እናምጣ" አለ።

"ጠይቄያቸው እምቢ ብለዋል።"

"ፈረሱን ትንሽ ለወጥ ብታደርጊውስ? ማን ያውቃል?"

"ሞክሬዋለሁ፣ ቢኒያም። አንገቱን ከለወጥኩት ምንም አይቀርም። ደግሞ እኔ አውቃለሁ።"

ፊቱ ተለወጠ። "ውል ነው እኮ የፈረምሽው። ጠበቃችን ያነጋግርሻል" አለ። እውነቱን ነው፤ እሱ ምን አጠፋ? እሺ አልኩት። አርባ አንዱን በካርቶን አሸክሜ ወጣሁ። የተሸጡት አሥራ ዘጠኙ የት እንዳሉ ጠየቅሁት። የእንግዳ ስልክ አይሰጥም አለኝ። እሱም እውነቱን ነው።

የካቲት 19

ሊዲ የሎጁን ደብዳቤ እንደመጣ አምጪልኝ ብላለች። "የጓደኛሽ ነገር" እያለች አልቀለደችብኝም።

ልከራየው የነበረውን ክፍል ለሌላ ሰው እንዲያከራይ ለባለቤቱ ደወልኩለት።

ቅርጹን የማወጣበትን ሲሊኮን በምላጭ ቆራረጥኩት። ሲሊኮን እንደ ጀሶ ወርውረው አይሰብሩት፤ ጊዜ ይወስዳል፣ እጅም ያማል። ዙለይካ በር ላይ ቆማ ስታይ ቆይታ ገብታ አንደኛውን ጫፍ ያዘችልኝ። አርባ አንዱን ግን መስበር አልቻልኩም። እያንዳንዱን ሳነሣ እጁን አያለሁ። ካርዶቹን ከላያቸው ፈትቼ ቀደድኩ፤ እነሱን በካርቶናቸው እንዳሉ ዘጋኋቸው። ጋሼ ንዋይ አምጪ ካሉ እወስዳቸዋለሁ።

አሥራ ዘጠኙ ግን ወጥተዋል። በየሰው ሳሎን፣ ቴሌቪዥን አጠገብ ነው የሚቀመጡት። እንግዳ ሲመጣ ያነሡታል፣ "እንቅልፋሙን እዩት" ብለው ይስቁበታል። ካርዱን አይቶ ማን ሠራው የሚል ካለ፣ ተጽፎለታል፤ ሱሃይላ አብደላ።